ከልኩ የሚበልጥ ጎማ በጭነት መኪና የነዳጅ ሒሳብና የፍጥነት መለኪያ ላይ የሚያመጣው ለውጥ

ነጋዴ ሚዛኑን ሳይፈትሽ እህል አይቀበልም፤ ሜትሩንም ሳያይ ጨርቅ አያስለካም። ይሁን እንጂ ያው ነጋዴ ዕቃውን በሚያመላልስበት የጭነት መኪና ላይ ሁለት መለኪያዎች ተተክለው ሳለ፥ እነርሱን የሚፈትሻቸው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። አንደኛው መኪናው በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ የሚያሳየው የፍጥነት መለኪያ ነው፤ ሁለተኛው የተጓዘውን መንገድ የሚደምረው የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ነው። ባለንብረቱ ለሾፌሩ ነዳጅ የሚሰፍረው፥ የጭነቱን ዋጋ የሚያሰላው፥ የሞተሩንም ዘይት የሚያስለውጠው እነዚህን ሁለቱን አምኖ ነው። ጎማው መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት ልክ ካልሆነ ግን፥ ማንም እጁን ሳያስነካቸው ሁለቱም ከእውነት ይርቃሉ።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህ እንዴት እንደሚሆን፥ በነዳጅ ወጪም ላይ የሚያስከትለው ጕዳት እውነተኛው የቱ፥ በመለኪያ ስሕተት የሚታየውም የቱ እንደ ሆነ ለማስረዳት እንሞክራለን። ጉዳዩ ለመካኒክ ብቻ የሚተው አይደለም። የነጋዴ ሒሳብ ጉዳይ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የአንድ ሠራተኛ ስምና እንጀራ ጉዳይ ይሆናል።

መለኪያው መንገዱን በምን ያውቃል?

የፍጥነት መለኪያ መንገዱን አያይም፤ የሚቈጥረው የዘንግ ዙር ብቻ ነው። በቀድሞዎቹ መኪናዎች ከካምቢዮው የሚነሣ ቀጭን ሽቦ በመሪው ፊት ለፊት እስካለው ሰሌዳ ድረስ ይዘልቅና አንድ ማግኔት ያሽከረክራል፤ ማግኔቱም በአጠገቡ ያለውን የአሉሚኒየም ጽዋ እየሳበ ቀስቱን ያንቀሳቅሰዋል። ይህን ዘዴ ኦቶ ሹልትዘ የተባለ ጀርመናዊ በ1902 ዓመተ ምሕረት (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በበርሊን የባለቤትነት ማረጋገጫ አውጥቶበታል። በዛሬዎቹ መኪናዎች በሽቦው ፈንታ ዙሩን የሚቈጥር የኤሌክትሪክ መሣሪያ ገብቷል። የሁለቱም አሠራር ግን በአንድ ግምት ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር መኪናው ይህን ያህል ሜትር ይሄዳል የሚለው ፋብሪካው አስቀድሞ የቈረጠው ግምት ነው።

ነገሩን መሬት በእርምጃ እንደሚለካ ሰው አድርገን ብናየው ይገባናል። እርምጃው በአጭር ሰው ተወስኖ ሳለ ረጅም ሰው ቢለካው፥ መሬቱ ሳይጠብ የእርምጃው ቁጥር ያንሳል። ትልቅ ጎማም በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ፥ ያንኑ መንገድ በጥቂት ዙር ይጨርሰዋል። ዙሩ ሲያንስ ቆጣሪው የሚደምረው ኪሎ ሜትር ያንሳል፤ የፍጥነት ቀስቱም ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ይቆማል።

በጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር

በገበያችን ብዙ ጊዜ የሚታየውን ምሳሌ እንውሰድ። እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ባሉ መካከለኛ የጭነት መኪናዎች ላይ የሚገቡት ጎማዎች የቸርኬያቸው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 16 ኢንች የሆኑት ናቸው። በቁጥሩ መጀመሪያ ያለው የጎማውን ወርድ በኢንች ያመለክታል፤ መጨረሻው ቸርኬውን ያመለክታል። በመካከላቸው «አር» የምትባለው የላቲን ፊደል ካለች ጎማው ራዲያል መሆኑን ትገልጻለች። ሦስቱም የሚቀጥሉት ጎማዎች ባለ 16 ኢንች ስለ ሆኑ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ነገር ግን ወርዱ ሲጨምር የጎማው ቁመትም አብሮ ይጨምራል። አዲስ ሳሉ የሚኖራቸው ልክ በየፋብሪካው ጥቂት ቢለያይም በግምት እንደሚከተለው ነው፤

7.00-16፥ ከአፈር እስከ ጫፍ 775 ሚሊ ሜትር፥ በአንድ ኪሎ ሜትር 411 ዙር፤
7.50-16፥ 805 ሚሊ ሜትር፥ 395 ዙር፤
8.25-16፥ 855 ሚሊ ሜትር፥ 372 ዙር።

ጎማው ጭነት ሲያርፍበት ትንሽ ስለሚጫን ዙሩ ከዚህ ጥቂት ይበልጣል፤ በመካከላቸው ያለው መበላለጥ ግን ያው ነው። እንግዲህ 7.00-16 ለተሠራለት መኪና 7.50-16 ቢገባለት መለኪያው ወደ 4 በመቶ ገደማ ይስታል፤ 8.25-16 ቢገባለት ስሕተቱ 10 በመቶ ያልፋል። በከባድ መኪናዎችም ዘንድ እንዲሁ ነው። ከ11.00-20 ወደ 12.00-20 መሻገር 4 በመቶ ያህል ሲያመጣ፥ ከ12.00-20 ወደ 12.00-24 መሻገር ወደ 9 በመቶ ይደርሳል።

በብዙ አገሮች ሕግ የፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት አብልጦ ሊያሳይ ይችላል እንጂ አሳንሶ ማሳየት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ፋብሪካዎች ቀስቱን ጥቂት አስቀድመው ወደ ላይ ያደርጉታል፤ ትንሽ የጎማ ለውጥም በዚህ ትርፍ ውስጥ ተሸፍኖ ሊቀር ይችላል። የ10 በመቶ ለውጥ ግን ይህን ትርፍ ሊጨርሰውና ሊያልፈው ይችላል። ትክክል በሆነ መለኪያ ላይ ቀስቱ 80 ሲል መኪናው በእውነት በ88 ይሄዳል። ለኪሎ ሜትር ቆጣሪው ደግሞ እንዲህ ያለ ትርፍ ስለማይቀመጥለት ስሕተቱ በሙሉ በሒሳቡ ላይ ያርፋል።

ሰባት ሊትር ተኩል ናፍጣ የት ገባ?

ይህ ስሕተት በመዝገብ ላይ ምን እንደሚመስል በቁጥር እንመልከት። አንድ ባለንብረት መኪናውን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ይልካል እንበል፤ መንገዱም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፊት፥ በ7.00-16 ጎማ፥ መኪናው 80 ሊትር ናፍጣ ይጨርስ ነበር፤ ይኸውም በአንድ ሊትር 5 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ባለንብረቱም በዚሁ ልክ ለሾፌሩ ነዳጅ ይሰፍርለታል።

ከዚያም ጎማዎቹ በ8.25-16 ተለወጡ። በሚቀጥለው ጕዞ መኪናው 84 ሊትር ጨረሰ እንበል። ቆጣሪው ግን 400 አላለም፤ 363 ብቻ አለ። ባለንብረቱ መዝገቡን ይከፍትና 363ን ለ5 ያካፍላል፤ ይበቃ የነበረው 72 ሊትር ተኩል ገደማ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ 11 ሊትር ተኩል ያህል ናፍጣ ጠፍቷል ይላል። በመኪናው ላይ ከሾፌሩና ከረዳቱ በቀር ሌላ ሰው አልነበረምና፥ ጥርጣሬው በማን ላይ እንደሚያርፍ መናገር አያስፈልግም።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። መንገዱ አልጠበበም፤ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ለዚህ መንገድ በቀድሞው ልክ 80 ሊትር ይፈቀድ ነበር፤ የተጨመረው 4 ሊትር ብቻ ነው። ከጠፋው 11 ሊትር ተኩል ውስጥ 7 ሊትር ተኩል ያህሉ በሰልባትዮው ውስጥ ኖሮ የማያውቅ፥ ቆጣሪው ባሳነሰው ኪሎ ሜትር ምክንያት በወረቀት ላይ ብቻ የታየ ናፍጣ ነው። የቀረው 4 ሊትር ደግሞ የሾፌሩ ሳይሆን የጎማው ዕዳ ነው። መለኪያውን ሳያርም ሠራተኛውን የሚከስ ባለንብረት፥ በተሳሳተ ሚዛን መዝኖ ገበሬውን እህል አጐደልህ እንደሚል ሰው ነው።

ስሕተቱ በነዳጅ ላይ ብቻ አይቀርም። በኪሎ ሜትር ተስማምቶ መኪናውን የሚያከራይ ሰው በየ400 ኪሎ ሜትሩ የ37 ኪሎ ሜትር ዋጋ ይቀርበታል። ዘይት በ5,000 ኪሎ ሜትር ይለወጣል ተብሎ የተወሰነለት ሞተር በእውነት 5,500 ያህል ይሄድበታል። ያገለገለ መኪና የሚገዛም ሰው፥ በቆጣሪው ላይ የሚያነበው ቁጥር ከተሠራበት ሥራ ያነሰ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ተቃራኒውም እውነት ነው። ከልኩ ያነሰ ጎማ ወይም ጥርሱ ያለቀ ጎማ ዙሩን ያበዛል፤ ቆጣሪውም ያልተሄደውን መንገድ ይደምራል። አዲስ የነበረ ጎማ ጥርሱ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ 2 ወይም 3 በመቶ ሊያሳስት ይችላል። ያን ጊዜ መኪናው ነዳጅ የቈጠበ ይመስላል፤ የተቈጠበ ነገር ግን የለም።

ነዳጁ በእውነት የሚጨምርባቸው ምክንያቶች

ከልኩ የሚበልጥ ጎማ ከመለኪያው ስሕተት ሌላ እውነተኛ የነዳጅ ወጪም ያመጣል። ምክንያቶቹ እነዚህ ናቸው፤

1ኛ/ ክብደት። ትልቅ ጎማ ብዙ ላስቲክና ሽቦ አለበት። ይህም ክብደት የሚሽከረከር ስለ ሆነ፥ ሞተሩ መኪናውን ከቆመበት ሲያስነሣ ወደ ፊት መግፋት ብቻ ሳይሆን ማሽከርከርም አለበት። በጎማው ዳር ያለ አንድ ኪሎ ክብደት፥ መኪናው ሲነሣ በካሶኒው ላይ እንዳለ ሁለት ኪሎ ያህል ሆኖ ይሰማዋል። እየቆመ በሚነሣ የከተማ ጕዞ ላይ ይህ በየመብራቱና በየመጋጠሚያው ይከፈላል።

2ኛ/ የጉልበት መቀነስ። ጎማው ሲረዝም ማርሹ ሁሉ እንደ ከበደ ይቈጠራል። ከ775 ወደ 855 ሚሊ ሜትር ሲኬድ፥ በዚያው ማርሽ ጎማው መሬቱን የሚገፋበት ኀይል ከ9 በመቶ በላይ ይቀንሳል። በሜዳ ላይ፥ ቀላል ጭነት ተጭኖ በእኩል ፍጥነት ሲኬድ ሞተሩ በዝግታ ስለሚዞር ጥቂት ሊቈጠብ ይችላል፤ ይህን መካድ አይገባም። በዳገትና በከባድ ጭነት ጊዜ ግን ሾፌሩ ወደ ታችኛው ማርሽ ቶሎ መውረድ ይኖርበታል፤ ወይም ሞተሩ እያቃሰተ ብዙ ናፍጣ ያቃጥላል።

3ኛ/ የመሽከርከር እንቅፋት። ጎማ በእያንዳንዱ ዙር መሬት ሲነካ ይጫናል፥ ሲለቅ ይመለሳል፤ በዚህም መካከል ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ጭነት ይዞ ረጅም መንገድ በሚሄድ መኪና ላይ ከሚቃጠለው ነዳጅ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚደርሰው በዚህ መንገድ የሚባክን ነው። የጎማው መርዘም ብቻውን ይህን እንቅፋት አያበዛውም፤ እንዲያውም ጥቂት ሊቀንሰው ይችላል። ጕዳቱን የሚያመጡት ለጭቃ የተሠራ ጥልቅ ጥርስ፥ የወርዱ መብዛት፥ ከሁሉም ይልቅ የነፋስ ማነስ ናቸው።

4ኛ/ ያልታወቀ ፍጥነት። ይህ ከሁሉም የተደበቀው ነው። ሾፌሩ ቀስቱን አይቶ በ80 እሄዳለሁ እያለ በ88 ሲሄድ፥ የነፋሱ ግፊት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚሰጠው ልክ ይጨምራል፤ ማለት 21 በመቶ ይበልጣል። እንግዲህ የመለኪያው ስሕተት የሐሰት ወጪ ከማሳየቱም በላይ እውነተኛ ወጪ ይወልዳል።

አገራችን ነዳጅን ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የምታስገባ ስለ ሆነች፥ በእያንዳንዱ መኪና የሚባክነው ጥቂት ሊትር ተደምሮ የባለንብረቱ ብቻ ጕዳት ሆኖ አይቀርም።

ከጣርማ በር በታች

ስለ ደሴ መንገድ ካነሣን፥ ከነዳጅ የሚበልጥ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። መንገዱ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ከሩብ በላይ የሳሳ ስለ ሆነ፥ ሞተሩ አስቀድሞም ጉልበቱ ተቀንሷል። በዚያ ላይ ትልቁ ጎማ ሌላ 9 በመቶ ይወስድበታል። ዋሻው ካለፈ በኋላ ግን መንገዱ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል፤ እዚያም ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው።

በዚህ ቁልቁለት ላይ የጎማው ርዝመት በፍሬን ላይ ይሠራል። ፍሬኑ የሚይዘው ታምቡሩን ነው፤ ጎማው በረዘመ መጠን መሬት ላይ የሚደርሰው የመያዝ ኀይል ይቀንሳል። ሾፌሩ ቀድሞ በሚያውቀው ርቀት ላይ ለመቆም ፍሬኑን በ10 በመቶ ያህል አጥብቆ መርገጥ ይኖርበታል። በማርሽ የሚያዘውም የሞተር ኀይል እንዲሁ ስለሚቀንስ፥ ሸክሙ ወደ ፍሬኑ ይዞራል፤ ፍሬኑም ይግላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቀስቱ ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ቁጥር እያሳየ ሾፌሩን ያዘናጋዋል። በነዳጅ መዝገብ ላይ የተሳሳተ ቁጥር በእርሳስ ይታረማል፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ግን ሰውና ንብረት ሊያስከፍል ይችላል።

አንዳንድ ባለንብረቶች ትልቁን ጎማ የሚያስገቡት ብዙ ለመጫን ነው። ጎማው የሚሸከመው መጠን መጨመሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን አክሱሉ፥ ባሌስትራውና ፍሬኑ የቀድሞዎቹ ናቸው። ለድንጋያማና ለጭቃማ መንገድ መኪናውን ከፍ ለማድረግ የሚያስገቡም አሉ፤ ከ7.00-16 ወደ 8.25-16 በመሄድ የሚገኘው ከፍታ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ለአንዳንድ መንገድ የሚያስፈልግ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋውን አውቆ መክፈል ግን የነጋዴ ወግ ነው።

ምን ማድረግ ይገባል?

ከሁሉ የሚሻለው ፋብሪካው በመኪናው ላይ የጻፈውን የጎማ ልክ መጠበቅ ነው። ጎማው ተለውጦ ከሆነ ግን መለኪያውን ለመፈተሽ ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤

1ኛ/ መኪናው ጭነቱን እንደ ያዘ፥ ነፋሱም ተስተካክሎ፥ በጎማውና በመሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግ። መኪናው ጎማው አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ቀስ ብሎ ይሂድና ርቀቱ በሜትር ይለካ። የአዲሱ ጎማ ርቀት ለቀድሞው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የማረሚያው ቁጥር ነው። በምሳሌያችን 1.10 ይሆናል፤ ቆጣሪው 363 ሲል በዚህ ቢባዛ 400 ገደማ ይመጣል።

2ኛ/ ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ ሾፌሩ ቀስቱን በ60 ላይ አጽንቶ ሲነዳ፥ ረዳቱ ከአንድ የኪሎ ሜትር ምልክት እስከ ሚቀጥለው ያለውን ጊዜ በሰዓት ይያዝ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ከወሰደ መለኪያው ልክ ነው፤ 54 ሰኮንድ ያህል ከወሰደ መኪናው በእውነት በ66 እየሄደ ነው። የኪሎ ሜትር ምልክት በሌለበት መንገድ በስልክ ላይ ያለው የሳተላይት መለኪያ ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

3ኛ/ የተገኘው የማረሚያ ቁጥር በነዳጁ መዝገብ ላይ፥ እንዲሁም ሾፌሩ በሚያየው ቦታ በመሪው ፊት ለፊት ይጻፍ። ጎማው በዚሁ ልክ የሚቀጥል ከሆነ፥ በቀድሞዎቹ መኪናዎች የመለኪያውን ትንሽ ጥርስ ማስለወጥ፥ በዛሬዎቹም በመሣሪያ ማስተካከል ይቻላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በከባድ መኪናዎች ላይ ያለው ታኮግራፍ የተባለው መዝጋቢ መሣሪያ ቢያንስ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይፈተሻል፤ የጎማው ልክ ሲለወጥም እንደገና መስተካከል አለበት።

4ኛ/ በኋላ እግር ላይ ጥንድ ሆነው የሚገቡት ጎማዎች በልክ እኩል ይሁኑ። አንዱ ትልቅ ሌላው ትንሽ ሲሆን ትልቁ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፤ ትንሹ እየተጐተተ ጥርሱን ይጨርሳል። በሁለቱም መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት መኖሩ ይታይ።

ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች ደግሞ የምንለው ይህ ነው። ጎማ ስታዝዙ ቸርኬው 16 ወይም 20 ነው ማለት አይበቃም፤ ወርዱንም፥ ፋብሪካው የሚሰጠውን የውጭ ልክም ጠይቁ። ለቸርኬውም ወርድ ልክ አለው፤ 7.00-16 ብዙ ጊዜ የ5.50፥ 7.50-16 የ6.00፥ 8.25-16 ደግሞ የ6.50 ኢንች ወርድ ያለው ቸርኬ ይሻል። ትልቁን ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ አስጨንቆ ማስገባት ጎማውን ያበላሻል። ደንበኛው የጠየቀው ልክ በመደብር ጠፍቶ ሌላ ልክ ቢወስድ፥ መለኪያው በስንት በመቶ እንደሚለወጥበት በደረሰኙ ላይ በአንድ መስመር ጻፉለት። ይህ ሻጩን ምንም አያስወጣውም፤ ለገዢው ግን የብዙ ወራት ሒሳብ ያቃናለታል።

በመጨረሻም ለባለንብረቶች አንድ ቃል እንጨምራለን። ነዳጅ ጐደለ ተብሎ ሾፌር ከመጠራቱ በፊት፥ በመኪናው ላይ ያለው ጎማ የቱ እንደ ሆነ ይታይ፤ ቆጣሪውም ይታረም። ከዚያ በኋላ የቀረው ጕድለት ካለ ጥያቄው በቦታው ነው። የቀረው ጕድለት ከሌለ ግን አንድ ሐቀኛ ሠራተኛ ከነስሙ ይተርፋል፤ ባለንብረቱም የሚያምነው ሰው አያጣም።